መድፍ ያለፈበት ጎዳና ላይ ስለሚሮጥ ሩጫ

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር «መምህር፣ ጋይንት ላይ ትንሽ የጎዳና ሩጫ ብናዘጋጅ ምን ይመስልዎታል?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ ለሌሎቻችሁም ይሆናል ብዬ እዚሁ ጻፍኩት።

መጀመሪያ ስለ ጎዳናው ላውጋችሁ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሱ፣ ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖልን ይዘው ነበር። መድፉ ወደ 70 ኩንታል ይመዝናል። ያን የሚያሳልፍ መንገድ በአገሩ አልነበረም። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ፣ ሠራዊቱ ገደሉን እየናደ፣ በጋይንት አድርገው ዋድላንና ደላንታን ተሻግረው መቅደላ እስኪደርሱ ስድስት ወር ገደማ ፈጀባቸው።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በደርግ ጊዜ፣ ቻይናውያን የወልድያ–ወረታን መንገድ ሠሩ። በነሐሴ 2013 ደግሞ ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ገባ። እናቶቻችንና እህቶቻችን ያዩትን መከራ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እዚህ አልዘረዝረውም።

እንግዲህ ልብ በሉ። መድፍ አለፈ፣ ጭነት መኪና አለፈ፣ ጦር አለፈ። ባላገሩ ግን መንገዱን ሲቆፍር ወይ ዳር ቆሞ ሲያይ ነው የኖረው። ሩጫ ማለት ለእኔ መኪናው ቆሞ ሰዉ የሚያልፍበት አንድ ጠዋት ነው።

«ሻምፒዮን እናፈራለን» የምትሉም አላችሁ። መልካም ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ወዲህ ሩጫ ሲባል የሚታየን አንደኛ የወጣው ነው። ግን ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር 10 ሺህ ሰው ነበር የሮጠው። ያሸነፈው ራሱ ኃይሌ ነው፤ አዲሱ ነገር ግን ከኋላው የነበረው ሕዝብ ነው። እኛም ከዚያ እንማር።

ስለዚህ ልጄ፣ 5 ኪሎ ሜትር ይበቃችኋል። ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል፤ ላልለመደ ሳንባ ቀላል አይደለም። ርቀቱን በግምት አትተዉት፤ የብስክሌት ጎማ ዙሪያውን ለክታችሁ፣ ስንት ጊዜ እንደዞረ እየቆጠራችሁ ለኩት። የገበያ ቀን አይሁን፤ አህያውና እህሉ መንገዱን ይሞላዋል። ክረምትም አይሁን። ለትራፊክ ፖሊስና ለጤና ጣቢያው አስቀድማችሁ ንገሩ። ሴቶቹን ለብቻ አስነሱ፤ ሽልማታቸው ግን ከወንዶቹ እኩል ይሁን። ጫማ የለውም ተብሎ ማንም እንዳይመለስ። ከእስቴ መካነ ኢየሱስም ከስማዳ ወገዳም ልጆች ጥሩ፤ መኝታ አዘጋጁላቸው።

ከሁሉም በላይ፣ መጨረሻ የገባችውን ልጅ ስም ሳትጽፉ መስመሩን እንዳታነሱት። አገሩ ከዚህ በፊት የሞቱትንና የተሰደዱትን ሲመዘግብ ነው የከረመው። አንድ ጊዜ እንኳ በሰላም ሮጠው የገቡትን ይመዝግብ።

ሰላሙን ያውርድልንና መንገዱ በደንብ ሲከፈት ቀን ቁረጡ። ስም የሚጽፍ ሰው ከጠፋ እኔ አለሁ። እስቲ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ?