በቃል የተያዘ ሕክምና

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። የሕክምና ተማሪ ግን ከዚህ ተረት ጋር ተጣልቶ የሚኖር ሰው ነው። ፈተና ሲደርስ ሌሊቱን በቡና እየገፋ የበሽታውን ምልክት፣ የመድኃኒቱን መጠን፣ የነርቩን ስም እንደ ዳዊት ሲደግም ያድራል። «ሁሉም መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ ምን ያሸመድደዋል?» የሚል አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው፤ እኩለ ሌሊት ላይ ትንፋሽ አጥሮት የመጣ በሽተኛ፣ ሐኪሙ ገጽ እስኪገልጥ አይጠብቅም። ለመሆኑ ሐኪምን እየጠሩ «ምን ታውቃለህ?» ብሎ መፈተን እንዴት ተጀመረ? ከታወቁት ጥንታዊ ታሪኮች አንዱ የሚነሣው ከሰው ሞት ነው።

እ.ኤ.አ. በ931 ባግዳድ ውስጥ አንድ ሐኪም በስሕተቱ ሰው ገደለ። ወሬው ኸሊፋው አል ሙቅተዲር ጆሮ ደረሰ። ኸሊፋውም ሲናን ኢብን ሣቢት የተባለው ታዋቂ ሐኪም መርምሮ ካልፈቀደለት በቀር ማንም እንዳያክም አዘዘ። በዚያች ከተማ ብቻ ለምርመራ የቀረቡት ከ860 በላይ እንደነበሩ ተመዝግቧል። በሙያቸው ስመ ጥር የሆኑትና የቤተ መንግሥቱ ሐኪሞች ግን ፈተናው አልነካቸውም።

ኢብን አል ቂፍጢ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ ከዚሁ ጋር አንድ ጨዋታ ትቶልናል። ከተፈታኞቹ መካከል አለባበሳቸው ያማረ፣ ግርማ ሞገስ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሲናን አክብሮ አስቀመጣቸውና ሌላው ሰው ሲወጣ ማን እንዳስተማራቸው ጠየቃቸው። ሽማግሌው ከእጅጌያቸው ወርቅ አውጥተው ፊቱ አኖሩ። ማንበብና መጻፍ በቅጡ እንደማይችሉ፣ ነገር ግን ቤተሰብ የሚያስተዳድሩት በዚሁ ሙያ እንደሆነ ነግረው እንጀራቸውን እንዳይዘጋባቸው ለመኑት። ሲናን ሳቀ። በማያውቁት ነገር በሽተኛ እንዳይነኩ፣ ከቀላል ሕመም በቀር ደም ማውጣትና የሚያስቀምጥ መድኃኒት እንዳያዙ አስጠንቅቆ ፈቀደላቸው። ሽማግሌውም ድሮም ቢሆን ከሆምጣጤና ማር ብጥብጥና ከጣፋጭ ሽሮፕ አልፈው እንደማያውቁ መለሱ። በማግሥቱ አንድ ወጣት ለፈተና ቀረበ። ማን እንዳስተማረው ቢጠየቅ «አባቴ» አለ። አባትየው ትናንት የመጡት ሽማግሌ ነበሩ!

ሙያው ከአባት ወደ ልጅ በአፍ ሲተላለፍ ይህን ይመስል ነበር። የተማሩትስ እንዴት ያዙት? እ.ኤ.አ. በ1037 የሞተው ኢብን ሲና ከግዙፉ «ቃኑን» ሌላ፣ ሕክምናን ከ1,300 በሚበልጡ ስንኞች ገጥሞት ነበር። የልብ ትርታው፣ ሽንቱ፣ ትኩሳቱ፣ ምግቡ ሁሉ በግጥም ገባ። ኋላም ወደ ላቲን ተተርጉሞ የአውሮፓ ተማሪም አጠናው። የቅኔ ቤትን ልማድ የሚያውቅ አንባቢ በዚህ አይደነቅም፤ ምትና ቤት መምቻ ያለው ነገር ከአእምሮ ቶሎ አይጠፋምና።

በአውሮፓ ደግሞ ዳግማዊ ፍሬድሪክ የተባለው የሲሲሊ ንጉሥ እ.ኤ.አ. በ1231 ሜልፊ ላይ ባወጣው ሕግ፣ በሳሌርኖ መምህራን ፊት በይፋ ያልተፈተነ እንዳያክም ከለከለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተጨመረው ድንጋጌ ሦስት ዓመት የሎጂክ፣ አምስት ዓመት የሕክምና ትምህርት ጠየቀ። ይህም አልበቃውም፤ ተማሪው አንድ ዓመት ከልምድ አዋቂ ሐኪም ጋር እንዲሠራ አዘዘ። በቃል ማወቅ ብቻውን በሽተኛ እንደማያድን የዚያን ጊዜም ታውቆ ነበር ማለት ነው።

የታወቀ ነገር ሁሉ ግን አይሠራበትም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ የበሽተኛ አካል እምብዛም ሳይነካ የሚመረቅ ሐኪም ብዙ ነበር። ካናዳዊው ዊልያም ኦስለር እ.ኤ.አ. በ1892 ያሳተመው የሕክምና መጽሐፍ የብዙ ተማሪ መሸምደጃ ሆነ። ሰውየው ራሱ ግን በማግሥቱ ዓመት ባልቲሞር በተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ ሕክምና ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ አቆማቸው። በመቃብሩ ላይ እንዲጻፍለት የተመኘውም ተማሪዎችን በሕሙማን ክፍል ማስተማሩን ብቻ ነበር።

ለምን ይህን ያህል እንደተጨነቀ በአንድ ምሳሌ እንይ። ማጅራት ገትርን የሚያጠና ተማሪ የከርኒግን ምልክት ሳያስታውስ ፈተና አይገባም። የበሽተኛው ጭን ወደ ሆዱ ታጥፎ ሳለ ጉልበቱን ለመዘርጋት ሲሞከር ያመዋል፤ እግሩም እምቢ ይላል። ከርኒግ ይህን እ.ኤ.አ. በ1882 ያሳወቀው በፒተርስበርግ ኦቡኾቭ ሆስፒታል ከሚያክማቸው ሕሙማን ተምሮ ነው። የእኛም ሕዝብ ቢሆን ዋናውን ምልክት በበሽታው ስም ውስጥ አኑሮታል፤ ማጅራት የሚገትር ብሎ። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2002 በ297 አዋቂዎች ላይ የወጣ ጥናት፣ የከርኒግ ምልክት የታየባቸው በሽታው ካለባቸው ከመቶ አምስት ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አሳየ። ምልክቱን የሸመደደ ተማሪ ፈተናውን ያልፋል፤ ምልክቱ ስለሌለ በሽታውም የለም ብሎ በሽተኛውን ወደ ቤቱ የሸኘ ሐኪም ግን ሰው ሊገድል ይችላል።

ፈተናውም ራሱ መታረም ነበረበት። ተማሪው ዕድሉ ባመጣለት አንድ በሽተኛና ጠባዩ በማይታወቅ ፈታኝ ይመዘን ስለነበር፣ አንዱ ሲቀናው ሌላው ይወድቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 በስኮትላንድ የዳንዲ ዩኒቨርሲቲው ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ አዲስ ዘዴ አሳተሙ። ተፈታኞች ሰዓቱ በደረሰ ቁጥር ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ይዞራሉ፤ አንዱ ጋ ልብ ያዳምጣሉ፣ ሌላው ጋ ታሪክ ይጠይቃሉ፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት ሥራና በአንድ ዓይነት መመዘኛ ይዳኛሉ። ዘዴው ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል።

ሥርዓቱ ይህን ያህል ረቅቆም የሲናን ማስጠንቀቂያ አላረጀም። ተማሪ ዛሬም ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ መቼ የበላይ ሐኪም መጥራት እንዳለበት ነው። የባግዳዱ ሽማግሌ ስለ ሕክምና ያወቁት ሁለት መጠጥ ብቻ ቢሆንም፣ ከሁለቱ ላለማለፍ ይጠነቀቁ ነበር። ዛሬ ሌሊት መቶ ምልክት በቃሉ ሲይዝ የሚያድረው ልጃችንም፣ ከመቶው በኋላ ያለውን ሳያውቅ እንዳይነካ ይጠንቀቅ። ፈተናው የተጀመረው በዚያ ምክንያት ነውና።