ማኅበርና ሕግ፤ የመሰብሰብ መብት በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ

ሰዎች ያለ ከልካይ ተሰብስበው የመምከርና ማኅበር የማቆም መብታቸው ሲጠና፥ ጥናቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው መብቱ በጽሑፍ ከተደነገገበት ቀን ነው። ይህ አካሄድ ለኢትዮጵያ አይስማማም። በኢትዮጵያ ማኅበር ከሕጉ ይቀድማል፤ ሕጉ የመጣው ሕዝቡ በልማድ ሲሠራበት የኖረውን ነገር ለማወቅ፥ ለመመዝገብና ወሰን ለማበጀት ነው። ስለዚህ ተመራማሪው ሊጠይቀው የሚገባው ሕዝቡ የመሰብሰብን መብት መቼ አገኘ የሚለውን ሳይሆን፥ ሕጉ በመጣ ጊዜ ከነባሩ ልማድ የትኛውን ተቀበለ፥ የትኛውንስ ፈራ የሚለውን ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

የነባሩ ልማድ መልክ ብዙ ነው። በክርስቲያኑ ዘንድ የጽዋ ማኅበር በወር አንድ ጊዜ በአንድ ቅዱስ ስም በየተራ በአባላቱ ቤት ይዘከራል፤ ጸሎት ተደርሶ፥ እንጀራውና ጠላው ከቀረበ በኋላ ጽዋው ወደ ቀጣዩ ባለተራ ቤት ይሄዳል። ሰንበቴ ደግሞ በእሑድ ቀን በቤተ ክርስቲያን ቅጽር የአጥቢያውን ሰው በአንድ ማዕድ ያገናኛል። በሐረር ከተማ አፎቻ የሚባለው ማኅበር በሠርግና በሐዘን ጊዜ አባላቱን ያስተባብራል። በእርሻው አገር ደቦና ወንፈል ጉልበትን ያበድራሉ፤ በገበያውና በከተማው ዕቁብ ገንዘብን ያጠራቅማል። አንድ ሰው ብቻውን የማይችለውን ብዙ ሰው ተካፍሎ ቀላል እንደሚያደርገው፥ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት የእነዚህን ሁሉ ምክንያት በአጭሩ ይገልጸዋል።

እነዚህ ማኅበራት ሥርዓት አልባ ስብሰባዎች አይደሉም። ዕቁብ ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ቀሪውን መዋጮ እስኪከፍል ድረስ ዋስ ይጠራል። ዳኛው የሚሾመው በአባላቱ ምርጫ ነው፤ የቀረ ወይም የዘገየ ይቀጣል፤ ጠብ ቢነሣ ባለጉዳዩ ወደ መንግሥት ዳኛ ከመሄዱ አስቀድሞ በማኅበሩ ሽማግሌዎች ፊት ይቀርባል። ከማዕድ መለየት ከገንዘብ ቅጣት ይልቅ የሚያስፈራ ነበረ። እንግዲህ አባሉ ደንብ ማውጣትን፥ አለቃ መምረጥንና መሻርን፥ ሒሳብ መጠየቅን የሚማረው በዚሁ ነው። በሌላም ወገን በቦረና ኦሮሞ ዘንድ በየስምንት ዓመቱ የሚደረገው ጉሚ ጋዮ፥ በሰባት ቤት ጉራጌም ዘንድ የጆካ ሸንጎ፥ ሕዝብ በአንድነት ተቀምጦ ሕግ የሚመክርበት ትልቅ ጉባኤ መሆኑ የታወቀ ነው።

ይሁን እንጂ የልማዱን ነፃነት ያለ መጠን ማመስገን አይገባም። ወደ ማኅበሩ የሚገባው ነባሮቹ አባላት የተቀበሉት ሰው ብቻ ነበረ። በብዙ አገር ቀጥቃጩ፥ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው ከሌላው ሰው ጋር በአንድ ማዕድ አይቀመጡም ነበር፤ በጉባኤውም ሴቶች በአብዛኛው ድምፅ አልነበራቸውም። ልማድ ለገባው ሰው ሰፊ ነፃነት ሲሰጥ፥ በውጭ ለቀረው ግን የሚከራከርበት መሠረት አልሰጠውም። የተጻፈ ሕግ ከልማድ የሚሻልበት ነገር ቢኖር፥ መብቱን በትውልድና በሙያ ሳይለይ ለሰው ሁሉ ማወጁ ነው።

በልማድና በሕግ መካከል ድልድይ የሆነው ዕድር ነው። ዕድር በ20ኛው መቶ ዓመት ከአዲስ አበባ ማደግ ጋር የተስፋፋ ማኅበር ነው። ከገጠር መጥቶ በከተማ የሰፈረ ሰው ዘመዱ ሩቅ ስለ ሆነ ቢሞት የሚቀብረው ጎረቤቱ ነው፤ ስለዚህ ጎረቤታሞች በየወሩ እያዋጡ ድንኳን፥ አግዳሚ ወንበርና የምግብ ማብሰያ ገዙ፤ ሰው በሞተ ጊዜ ጥሩምባ ነፊው ሰፈሩን ይቀሰቅሳል፤ ቀብር የቀረ ይቀጣል። የዕድር ልዩ ጠባይ በመሠረቱ የአንድ ሰፈር መሆኑ ነው፤ በአንድ ድንኳን ሥር የተለያየ ቋንቋ የሚናገርና የተለያየ ሃይማኖት ያለው ሰው ሊቀመጥ ይችላል። ደግሞም የዕድር ዓላማ ባለበት አልቆመም። ለመቅበር የተሰበሰበው ሰው የሰፈሩን መንገድ ስለ መጠገን፥ ውሃ ስለ ማስገባት፥ ሌባን ስለ መጠበቅ መነጋገር ጀመረ፤ ቆይቶም የሰፈሩን ጉዳይ ይዞ ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚሄድ ሆነ።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ማኅበር በአንድ ዓላማ ተጀምሮ ወደ ሌላ ዓላማ ይሻገራል፤ ሕያው መሆኑም በዚሁ ይታወቃል። መንግሥት ግን ማኅበርን የሚያውቀው በተመዘገበ ዓላማው ነው። በኢትዮጵያ የመሰብሰብ መብት ታሪክ ሰፋ ብሎ ሲታይ የእነዚህ የሁለቱ ነገሮች ትግል ነው።

በ1923 ዓ.ም. የተሰጠው የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ለሕዝቡ አቤቱታ የማቅረብን መብት ሲጠቅስ፥ ስለ መሰብሰብና ስለ ማኅበር ያነሣው ነገር አልነበረም። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት ግን በ45ኛው አንቀጽ ያለ ጦር መሣሪያ በሰላም የመሰብሰብን መብት፥ በ47ኛው አንቀጽ ደግሞ በማናቸውም ሥራ የመሠማራትንና ለዚሁ ሥራ ሲባል ማኅበር የማቆምን መብት ደነገገ። ሁለቱም አንቀጾች ግን መብቱን ለዝርዝር ሕግ ያስገዙ ነበሩ፤ ሁለተኛውም ማኅበርን የተመለከተው ከሥራና ከሙያ ጋር አያይዞ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ404ኛው አንቀጽ ጀምሮ ለማኅበራት ሰፊ ክፍል ሰጠ፤ ማኅበር ማለት ትርፍ ለማግኘት ወይም ለመከፋፈል ላልሆነ ዓላማ የተቋቋመ የሰዎች ስብስብ መሆኑን ተረጐመ። በዚህም ማኅበር በሕግ ፊት እንደ አንድ ሰው የሚቈጠርበት፥ ንብረት የሚይዝበትና የሚከስበት በር ተከፈተ።

በተከፈተው በር መጀመሪያ ከገቡት መካከል ሠራተኞች ይገኙበታል። የሠራተኛ ማኅበር በሕግ ባልታወቀበት ዘመን በየፋብሪካው ያሉ ሠራተኞች በዕድር ስም ይሰበሰቡ ነበር፤ ለቀብር የተዋጣው ገንዘብ ለታመመውና ከሥራ ለተባረረው መደጎሚያ ሲሆን፥ ስለ ደመወዝም መመካከሪያ ሆነ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ በ1950ዎቹ አጋማሽ ከወጣ በኋላ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተቋቋመ። በዚህ ጊዜ ሕጉ የልማዱን መሻገር ተቀበለ ማለት ይቻላል። ነገር ግን የመንግሥት ሠራተኞችና የእርሻ ባላገሮች ከዚህ በር ውጭ ቀሩ።

በነዚሁ ዓመታት በከተማ የሚኖሩ የአንድ አገር ተወላጆች የትውልድ ቀያቸውን ለማልማት ይሰባሰቡ ጀመር። የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ማኅበር ከዚህ ዐይነት ማኅበራት የታወቀው ነው፤ ነጋዴውና የቀን ሠራተኛው እየተዋጡ ወደ አገራቸው መንገድ አስገቡ። በ1955 ዓ.ም. የሜጫና ቱለማ የመረዳጃ ማኅበር በሕግ መሠረት ተቋቋመ፤ ዓላማውም በኦሮሞ ሕዝብ አገር ትምህርት ቤት፥ መንገድና ሐኪም ቤት ማስፋፋት ነበረ። የሕግ ዐዋቂው ኃይለ ማርያም ገመዳ ከመሪዎቹ አንዱ ሲሆኑ፥ ጄኔራል ታደሰ ብሩም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ገቡበት። ማኅበሩ ከአዲስ አበባ ወጥቶ እንደ አሩሲ ባሉ ጠቅላይ ግዛቶች፥ በኢተያና በሌሎችም ቦታዎች፥ ብዙ ሕዝብ የተገኘበት ስብሰባ አደረገ። በነዚህ ስብሰባዎች የሚነሣው የትምህርት ቤት ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ የመሬትና የእኩልነት ጥያቄ አብሮ ተነሣ። የመረዳጃ ማኅበሩ ስለ ሕዝብ የሚናገር ማኅበር ሆነ።

1959 ዓ.ም. በዚህ ታሪክ ውስጥ የተለየ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት የማኅበራት መመዝገቢያ ደንብ ወጥቶ ማኅበራት ደንባቸውንና ዓላማቸውን ይዘው በአገር ግዛት ሚኒስቴር ዘንድ እንዲመዘገቡ ታዘዘ። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ በአንድ ሲኒማ ቤት ቦምብ ከፈነዳ በኋላ የሜጫና ቱለማ መሪዎች ተይዘው ታሰሩ፤ ማኅበሩም ታገደ። ከተከሰሱት አንዱ መቶ አለቃ ማሞ መዘምር በ1961 ዓ.ም. በሞት ተቀጡ፤ በጄኔራል ታደሰ ላይ የተፈረደው የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ደግሞ በዚያው በ1959 ዓ.ም. ስለ ሰላማዊ ሰልፍ የወጣው አዋጅ ሰልፍን ሁሉ በቅድሚያ ፈቃድ ላይ አቆመ። ከሁለት ዓመት በፊት «መሬት ለአራሹ» ብለው የተሰለፉት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አዋጁን ተቃውመው በሚያዝያ ሲነሡ ከፖሊስ ጋር ተጋጩ።

የመንግሥቱ ሥጋት ፈጽሞ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ቦምብ የሰው ሕይወት ያጠፋል፤ የአደጋውን ሠሪ መርምሮ ለፍርድ ማቅረብም የመንግሥት ግዴታ ነው። ነገር ግን ጥፋቱን በሠራው ሰው ላይ መፍረድ አንድ ነገር ነው፤ በብዙ ሺህ ሰው መዋጮ የቆመን ማኅበር ማፍረስ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ሕግን ያጸናል፤ ሁለተኛው ግን በግልጽ ይሰበሰብ የነበረውን ሰው ወደ ስውር ስብሰባ ይገፋዋል። ከዚያ በኋላ የተከተሉት ዓመታት የኅቡዕ ድርጅቶች ዓመታት መሆናቸው በድንገት የመጣ ነገር አይደለም።

ወታደራዊው መንግሥት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሥልጣን ሲይዝ በመጀመሪያው አዋጁ የሥራ ማቆምንና ያልተፈቀደ ስብሰባን ከለከለ። በ1968 ዓ.ም. የሠራተኞች አንድነት ማኅበር ፈረሰ፤ በስፍራውም መንግሥት ያቋቋመው ድርጅት ተተካ። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፥ የገበሬዎች ማኅበር፥ የሴቶችና የወጣቶች ማኅበር በየቦታው ተመሠረቱ። በቍጥር ሲታይ ኢትዮጵያውያን እንደዚያ ዘመን በማኅበር የታቀፉበት ጊዜ አልነበረም፤ አባል አለመሆን ግን አይቻልም ነበር። በፈቃድ የማይወጡበት ማኅበር ማኅበር መባሉ በስም ብቻ ነው። ዕድር የሰፈሩን የልማት ሥራ ለቀበሌው ትቶ ወደ መጀመሪያ ሥራው፥ ወደ ቀብር፥ ተመለሰ።

ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የወጣው አዋጅ ሰልፍንና ሕዝባዊ ስብሰባን ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ በማስታወቅ እንዲፈጸም አደረገ፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በ30ኛው አንቀጽ የመሰብሰብን፥ በ31ኛው አንቀጽ ለማንኛውም ዓላማ የመደራጀትን መብት ደነገገ። «ለማንኛውም ዓላማ» የሚለው ቃል ከ1948ቱ አንቀጽ ጋር ሲነጻጸር ታላቅ ርምጃ ነው። ሆኖም በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎትና ማኅበራት አዋጅ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራት በሰብአዊ መብትና በመሳሰለው ጉዳይ እንዳይሠሩ ከለከለ፤ ዓላማን በአጥር መክፈል ተመልሶ መጣ። ያው አዋጅ ዕድርንና ዕቁብን ከግዛቱ ውጭ ማድረጉ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ለመቅበርና ለመቆጠብ የሚሰበሰብ ሰው አያሠጋም የሚል አሳብ በውስጡ አለ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተሽሯል።

ይህ ሁሉ ሲጠቃለል፥ በኢትዮጵያ መሰብሰብ ራሱ ተከልክሎ የኖረበት ዘመን የለም ማለት ይቻላል፤ በየትኛውም መንግሥት ሰው ጽዋ ጠጥቷል፥ ዕቁብ ጥሏል፥ ወገኑን ቀብሯል። በየዘመኑ የተከለከለው ሰው ከተሰበሰበ በኋላ ከተሰበሰበበት ጉዳይ ወደ ሌላው መሻገሩ ነው። እንግዲህ የመሰብሰብ መብት በአንድ አገር መኖሩ የሚመዘነው በተመዘገቡት ማኅበራት ቍጥር አይደለም። የሚመዘነው የቀብር ድንኳን የዘረጉ ሰዎች ከቀብር መልስ በዚያው ድንኳን ተቀምጠው፥ ሟቹን ስለ ገደለው ነገር፥ ስለ ረኃቡም ይሁን ስለ ግፉ፥ ያለ ፍርሃት መመካከር በመቻላቸው ነው።