ወደብ ሲዘጋ መጋዘኑ ለማን ይቀራል?

በሮቫ ሄና በአካባቢው በቅርቡ የገባችሁ ቤተሰቦች፣ በዛሬው ዝግጅታችን ስለ ያፎና ስለ ቴል አቪቭ ወደቦች አሮጌ መጋዘኖች እናወጋለን። «መጋዘን ለእኛ ምናችን ነው?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። የእነዚያ መጋዘኖች ታሪክ ግን ከራሳችን ከተማ ከአሽዶድ ጋር የተያያዘ ነው።

ነቢዩ ዮናስ መርከብ የተሳፈረው ከያፎ እንደ ነበር ከመጽሐፍ እናውቃለን። ያፎ ጥንታዊ ወደብ ይሁን እንጂ ዳርቻው ቋጥኝ የበዛበት ስለሆነ ትልልቅ መርከቦች መጠጋት አይችሉም ነበር። መርከቡ ራቅ ብሎ ይቆማል፤ የብርቱካኑ ሣጥን ከመጋዘን እየወጣ በጀልባ ይደርስለታል። እ.ኤ.አ. በ1936 አረቦች የሥራ ማቆም አድማ ሲያደርጉ የያፎ ወደብ ሥራ ቆመ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር አንድ የዩጎዝላቪያ መርከብ በቴል አቪቭ ዳርቻ ሲሚንቶ አራገፈ፤ የቴል አቪቭ ወደብም በዚህ ተጀመረ። በዚያ ወደብ ሸክም ከተሸከሙት መካከል ከተሰሎንቄ የመጡ አይሁድ ነበሩ። እነርሱም እንደ እናንተ ለአገሩ አዲስ ነበሩ።

አሽዶድ የተቆረቆረችው በ1956 ሲሆን ከመጀመሪያ ነዋሪዎቿ መካከል ከሞሮኮ የመጡ ቤተሰቦች ይገኙበታል። የወደቧ ሥራ በ1961 ተጀምሮ በኅዳር 1965 የመጀመሪያው መርከብ ገባ። በዚሁ በ1965 የያፎና የቴል አቪቭ ወደቦች ለጭነት መርከቦች ተዘጉ። የአሽዶድ ሠርግ ለእነርሱ ልቅሶ ሆነ ማለት ነው።

ባዶ የቀሩት የቴል አቪቭ መጋዘኖች ለብዙ ዓመታት የሕንጻ ዕቃ መሸጫና የጥገና ቦታ ሆነው ቆዩ። ከ2000 ወዲህ ግን መጋዘኖቹ ታደሱ፤ በ2008ም 14,000 ካሬ ሜትር የሚሆን የእንጨት ወለል ተነጥፎ ቦታው የሕዝብ መናፈሻ ሆነ። ግንቡ ቆመ፤ በውስጡ የነበሩት ሥራዎች ግን ለምግብ ቤትና ለልብስ መደብር ቦታ ለቀቁ። በያፎ በኩል የዓሣ አጥማጆች ጀልባዎች ዛሬም አሉ፤ ማየትና መስማት የተሳናቸው ተዋንያን የሚሠሩበት ቴአትርም በ2007 በአንድ መጋዘን ውስጥ ተከፍቷል።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው። አሮጌ ሕንጻ መትረፉ ብቻ በቂ አይደለም፤ ማን እንደሚቀርበት የሚወሰነው ዕቅዱ በወረቀት ላይ ሳለ ነው።

ይህ ነገር ወደ ሠፈራችንም ይመጣል። ያረጁ መኖሪያ ቤቶችን አፍርሶ በምትካቸው ረጃጅም ሕንጻ መሥራት «ፒኑይ ቢኑይ» ይባላል። የአገሪቱ የፕላንና የግንባታ ሕግ የወጣው በዚያው በ1965 ነው። በሕጉ መሠረት ዕቅድ ለሕዝብ ሲቀርብ በጋዜጣ ይታወጃል፤ በቦታውም ማስታወቂያ ይለጠፋል። በዕቅዱ እጎዳለሁ የሚል ሰው በ60 ቀን ውስጥ ተቃውሞውን ምክንያቱን ጠቅሶ በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል፤ ይህም በዕብራይስጥ «ሂትናግዱት» ይባላል። ቀኑ ካለፈ በኋላ መናገር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

በማኅበራዊ ሥራዬ ወደ ቤታችሁ ስመጣ ያልተከፈቱ ደብዳቤዎች ተከምረው አያለሁ። ዕብራይስጡ የከበዳችሁ እንደሆነ ልጆቻችሁን ወይም የምታምኑትን ሰው አስነብቡ። በደጃችሁ የተለጠፈውንም ሳትጠይቁ አትለፉ፤ ያልገባችሁ ወረቀት ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ። ከተሰሎንቄና ከሞሮኮ የመጡትም ይህን አገር የሠሩት በአዲስ ገቢነታቸው ነው፤ እናንተም ቃላችሁ ይሰማ ዘንድ መብት አላችሁ።