የናይሮቢ ተቆጣጣሪዎች፤ ከወተት ጠርሙስ እስከ መኝታ ቤት በር

በናይሮቢ ከተማ መካከል የቶም ምቦያ መንገድ የሚባል ሰው የሚርመሰመስበት ጎዳና አለ። የከተማው የእሳት አደጋ መከላከያ ጣቢያም የሚገኘው በዚሁ ጎዳና ላይ ነው። ቶም ምቦያን አብዛኛዎቻችን የምናውቀው በሠራተኛ ማኅበር መሪነቱ፣ በሚኒስትርነቱና በ1969 በጠራራ ፀሐይ በጥይት በመገደሉ ነው። የመንግሥት ሥራውን የጀመረው ግን በከተማው ምክር ቤት ተቀጥሮ ወተት በመመርመርና ንጽሕና በመቆጣጠር መሆኑ ብዙ ጊዜ አይነገርም።

በዚህ ጽሑፍ ለመመልከት የፈለግነው አደጋ ሳይደርስ ለመከላከል የሚቀጠር ሰው በናይሮቢ ሥራውን እንዴት እንደጀመረ፣ ዛሬስ በዚያው ከተማ የእሳት መከላከል መሐንዲስ ሆኖ የመንግሥት ሥራ የሚይዝ ወጣት ምን እንደሚጠብቀው ነው። የጤና ተቆጣጣሪውና የእሳት መሐንዲሱ በሞያ ይለያያሉ። ነገር ግን ሁለቱም ሳይጠሩ የሚገቡ እንግዶች ናቸው፤ ሁለቱም የሚጽፉት ባለቤቱ ማንበብ የማይወደውን ነው፤ የሁለቱም ሥራ በተሳካ ጊዜ ምንም ነገር አይታይም። ዓመቶቹን፣ ለይተን ካልገለጽን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሰጥተናል።

ናይሮቢ የባቡር ልጅ ናት። ከሞምባሳ ተነሥቶ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይዘረጋ የነበረው የባቡር ሐዲድ በ1899 እዚያ ሲደርስ ቦታው ረግረግ ነበር። ስሟም «ቀዝቃዛ ውሃ» ከሚል የማሳዮች ቃል የመጣ ነው። ሐዲዱን ተከትለው የመጡት ሕንዳውያን ነጋዴዎች ሱቆቻቸውን በእንጨትና በቆርቆሮ አጠጋግተው ሠሩ። የቆሻሻ ማስወገጃም ሆነ በቂ የፍሳሽ ቦይ አልተበጀላቸውም። በ1902 ወረርሽኝ ገባና ገበያው በባለ ሥልጣን ትእዛዝ እንዲቃጠል ተደረገ። እንግዲህ በዚህች ከተማ የሕዝብ ደኅንነት ታሪክ መጀመሪያ ላይ እሳቱን የለኮሰው መንግሥት ራሱ ነው ማለት ነው! ሱቆቹ ሲሠሩ ስፋታቸውን፣ አየራቸውንና የፍሳሹን መውጫ የሚመለከት ሰው ቢኖር ኖሮ ኋላ ክብሪት የሚጭር ሰው ባላስፈለገ ነበር።

ተቆጣጣሪ የሚባለው ሠራተኛ እየዋለ እያደረ መጣ። ነገር ግን ቅኝ ገዥው ከተማውን በቀለም ከፋፍሎት ስለነበር ሥራውም በቀለም ተከፋፈለ። ምቦያ የገባው በዚህ መካከል ነው።

ምቦያ የተወለደው በ1930 ከናይሮቢ ብዙ በማይርቅ የቃጫ እርሻ ውስጥ ሲሆን፣ ቤተሰቡ ግን በቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ ከምትገኘው ከሩሲንጋ ደሴት የመጡ ሉኦዎች ነበሩ። አባቱ በእርሻው ላይ ይሠሩ ነበር። ልጁ በካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ተምሮ ማንጉ እስከሚባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደረሰ። ከዚያ በላይ ለመቀጠል የትምህርት ቤቱን ክፍያ የሚከፍል ጠፋ። እኛ መምህራን ይህን ታሪክ በስንት ልጅ ላይ አይተነዋል! ገንዘብ የሌለው ጎበዝ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚሄደው እየተማረ የሚበላበትን ቦታ ፈልጎ ነው። ምቦያም በ1948 በናይሮቢ አጠገብ በካቤቴ ወደሚገኘው የጤና ተቆጣጣሪዎች ማሠልጠኛ ገባ። በእኛም አገር በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሳኒታሪያን የሚባሉትን ሠራተኞች እንዳሠለጠነ የሚያስታውስ አንባቢ፣ ምን ዓይነት ትምህርት እንደሆነ ይገባዋል። የመጸዳጃ ጉድጓድ፣ የሥጋ፣ የወተት፣ የመጠጥ ውሃ፣ የቤት አሠራር ጉዳይ ነው። ለታይታ የማይሆን፣ ለሕይወት ግን የሚያስፈልግ ሞያ ነው።

ትምህርቱን ጨርሶ በ1951 በናይሮቢ ከተማ ምክር ቤት ተቀጠረ። ናይሮቢ በንጉሣዊ ቻርተር «ከተማ» የሚለውን ማዕረግ ካገኘች ገና አንድ ዓመት መሆኗ ነበር። ወጣቱ ተቆጣጣሪ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ሲገባ ያገኘው ነገር ይህ ነው፤ ያንኑ ሥራ የሚሠራው ነጭ ባልደረባው የሚከፈለው ደመወዝ ከእርሱ እጅግ የበለጠ ነበር። የወተቱ ባክቴሪያ ግን የመርማሪውን ቆዳ አይቶ አይለይም።

በ1963 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ ምቦያ አንድ ቀን የገጠመውን ይተርካል። በመመርመሪያ ክፍሉ ብቻውን ሳለ አንዲት ነጭ ሴት የወተት ናሙና በጠርሙስ ይዛ ትገባለች። ወዲህና ወዲያ ትመለከትና፣ እርሱ ከፊቷ ቆሞ ሳለ፣ እዚህ ሰው የለም ወይ ብላ ትጠይቃለች። እርሱም ዓይንዎ ላይ ችግር አለ እንዴ ብሎ መለሰላት። ሴትዮዋ ተቆጣች። ይህን ታሪክ ብዙዎች የሚያነሡት ስለ ዘር መድልዎ ሲናገሩ ነው፤ ልክ ናቸው። እኛ ግን ሌላም ነገር እናይበታለን። ተቆጣጣሪ ማለት በዓይን የሚሠራ ሰው ነው። እርሱ ያያል፣ ይለካል፣ ይጽፋል። እርሱን ራሱን ሰው አልቆጥርም የሚል ባለ ጉዳይ ነገ እርሱ የጻፈውን ማስጠንቀቂያ ይቀበላል ተብሎ አይታሰብም። ስለሆነም የደመወዙና የክብሩ ጥያቄ የሠራተኛው የግል ጥያቄ ብቻ አልነበረም። ያንን ወተት የሚጠጣው ሕፃን ጭምር የሚነካ ነበር።

ምቦያ ዝም አላለም። የአፍሪካውያን ሠራተኞችን መረዳጃ ማኅበር ይዞ ወደ እውነተኛ የሠራተኛ ማኅበር ለወጠው። በጥቅምት 1952 በአገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ብዙዎቹ የፖለቲካ መሪዎች ሲታሰሩ፣ ድምፅ ማሰማት የሚቻልበት ጠባብ ቀዳዳ የሠራተኛ ማኅበር ሆኖ ቀረ። በ1953 ከምክር ቤቱ ሥራ ወጥቶ የአገር አቀፉ የሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽን ዋና ጸሐፊ ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የታወቀ ነው፤ ኦክስፎርድ ሄዶ ተማረ፣ በ1957 በሕግ አውጪው ምክር ቤት ወንበር አገኘ፣ በ1959 ሰማንያ አንድ ተማሪዎችን ባንድ አውሮፕላን ወደ አሜሪካ አሳፈረ። በክፍያ ምክንያት ትምህርቱ የተቋረጠበት ሰው ይህን ማድረጉ አይገርምም።

አሁን ወደ እሳቱ እንምጣ። እሳት ማጥፋትና እሳት መከላከል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አጥፊው ደወል ሲሰማ ይሮጣል፤ ሕዝቡም ያየዋል፣ ያጨበጭብለታል። መሐንዲሱ ግን የሚመጣው ሕንፃው ገና በወረቀት ላይ ሳለ ነው። ሞያው በትምህርት ደረጃ መሰጠት የጀመረው በ1903 በቺካጎ በሚገኘው አርመር ኢንስቲትዩት ነው። በ1911 በኒው ዮርክ አንድ የልብስ ፋብሪካ ተቃጥሎ 146 ሠራተኞች ሲሞቱ፣ ከበሮቹ አንዱ ተቆልፎ እንደነበረ በመረጋገጡ፣ የመውጫ በር ነገር የሕግ ጉዳይ ሆነ።

የሞያውን ምሥጢር በቀላሉ ማስረዳት ይቻላል። በዝግ ክፍል ውስጥ እሳት ሲነሣ ጭሱ መጀመሪያ በጣሪያው ሥር ይሰበሰብና እየወፈረ ወደ ታች ይወርዳል። ብዙውን ሰው የሚገድለው ከነበልባሉ በፊት ይህ ጭስ ነው። ሙቀቱ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሲደርስ በክፍሉ ያለው ነገር ሁሉ ባንድ ጊዜ ቦግ ይላል። የስፖንጅ ፍራሽ በተደረደረበት ክፍል ለዚህ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ስለዚህ መሐንዲሱ የሚያሰላው ሁለት ሰዓቶችን ነው፤ ጭሱ የሰው ራስ እስኪደርስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ሰዎቹ በዚያ በር ለመውጣትስ ስንት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል? በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ ሒሳቡ ሁሉ ይፈርሳል፤ ከኋላ የሚገፋው ሰው የፊተኛውን በበሩ ላይ ያጣብቀዋልና።

በመጋቢት 26 ቀን 2001 ሌሊት ከናይሮቢ ደቡብ ምሥራቅ በማቻኮስ አካባቢ በሚገኘው በኪያንጉሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መኝታ ቤቱ ተቃጠለ። ቤንዚን ተርከፍክፎ የተለኮሰ እሳት ነበር። 67 ወንዶች ልጆች ሞቱ። አንደኛው በር ተቆልፎ ነበር፤ መስኮቶቹም የብረት ፍርግርግ ነበረባቸው።

ይህን ወሬ በሰማን ጊዜ ወደ ልባችን የመጣ ነገር አለ። ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ስናስተምር የተማሪዎቹን መኝታ ቤት በየማታው ከውጭ በጓጉንቸር እናስቆልፍ ነበር። ልጆቹ ወደ ከተማ እንዳይሾልኩ ነው። ቁልፉን የሚይዙት ዘበኛ ማደሪያቸው ከውጭው በር አጠገብ ነበር። ከኪያንጉሊ በኋላ ያንን መንገድ በሐሳባችን ደግመን ሄድንበት። አዛውንቱ ከእንቅልፋቸው ነቅተው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ቁልፉን ፈልገው፣ በጨለማ ግቢውን አቋርጠው እስኪደርሱ ድረስ ከላይ የጠቀስናቸው ጥቂት ደቂቃዎች ያልቃሉ። በዚያ ዘመን ከመካከላችን ይህን ያሰበ አንድ መምህር አልነበረም። የሥነ ሥርዓት መምህር ይባል የነበረው ሰው እንዲያውም የሚመሰገነው ጓጉንቸሩን ባለመርሳቱ ነበር።

ኬንያ ከዚያ በኋላ ሕግ ጽፋለች። በ2007 የወጣው የሥራ ቦታዎች የእሳት አደጋ መቀነሻ ደንብ በየዓመቱ የእሳት ደኅንነት ምርመራና ልምምድ እንዲደረግ ያዝዛል። በ2008 የትምህርት ሚኒስቴር ያወጣው የትምህርት ቤቶች ደኅንነት መመሪያ ደግሞ ቁርጥ ያለ ነው፤ መኝታ ቤት በሁለቱም ጫፍ በር፣ በመካከሉም የአደጋ ጊዜ መውጫ ይኑረው፤ በሮቹ ወደ ውጭ ይከፈቱ፤ መስኮቶቹ ፍርግርግ አይኑራቸው፤ ባልጋና ባልጋ መካከል ቢያንስ 1.2 ሜትር ይተው።

ወረቀቱ መልካም ነው። ነገር ግን በጥር 2009 በናይሮቢ መካከል አንድ ትልቅ የሸቀጥ መደብር ተቃጥሎ ወደ ሠላሳ የሚጠጋ ሰው ሞተ። በመስከረም 2017 በዚያው በናይሮቢ በሞይ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት መኝታ ቤት በተነሣ እሳት ዐሥር ተማሪዎች ሞቱ። በሰኔ 2018 በጊኮምባ ገበያ ዐሥራ አምስት ሰዎች አለቁ። በመስከረም 2024 በኔሪ አውራጃ በአንድ የአንደኛ ደረጃ አዳሪ ትምህርት ቤት 21 ወንዶች ልጆች በመኝታ ቤታቸው ተቃጠሉ። እኛም ብንሆን ለመፍረድ አንቸኩልም፤ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል ያየ ሰው፣ ሱቆች ተጠጋግተው በተሠሩበት ሰፈር የእሳት አደጋ መኪና መግቢያ ማግኘት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያውቃል።

እንግዲህ ዛሬ በናይሮቢ ይህን ሞያ ይዞ የመንግሥት ሥራ የሚጀምር ወጣት የሚገባው በዚህ መካከል ነው። በ2010 ሕገ መንግሥት መሠረት እሳት ማጥፋትና አደጋ መከላከል የአውራጃ መስተዳድሮች ሥራ ሆኗል፤ የሥራ ቦታዎችን ደኅንነት የሚቆጣጠረው ደግሞ ማዕከላዊው መንግሥት ነው። በዲግሪ የተመረቀ ሁሉ ወዲያው መሐንዲስ አይባልም፤ በመሐንዲሶች ቦርድ ተመዝግቦ ቢያንስ ሦስት ዓመት በሥራ ላይ መፈተን አለበት። በእነዚያ ዓመታት ከእጁ የማይለየው መሣሪያ ሜትር ነው። የበር ስፋት ይለካል። ባልጋና ባልጋ መካከል ያለውን ይለካል። መስኮቱን ይገፋል፤ ካልተከፈተ ይጽፋል። የጻፈውን ደብዳቤ ርእሰ መምህሩ ተቀብሎ ገንዘብ የለንም ሊለው ይችላል፤ ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ያንኑ በር ይለካል።

መኝታ ቤቱን አይቶ ከጨረሰ በኋላ ግን በሜትር የማይለካ አንድ ጥያቄ ይቀረዋል። እርሱም ማታ ቁልፉ ማን ዘንድ ያድራል የሚለው ነው።