ሀለሐመ ስንት ዓመቷ ነው?

ፊደል የቆጠረ ሁሉ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መን ያውቃል። ተርታው ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። «ጥንት አበገደ ነበር፤ ሀለሐመን ያመጡት አባ ሰላማ ናቸው» የሚሉ ሊቃውንት አሉን። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌም የግዕዝ መዝገበ ቃላታቸውን ያሰናዱት በአበገደ ነው (ቃል ስትፈልጉበት የምትንከራተቱት ለዚህ ነው)።

አንዲት የሸክላ ሰሌዳ ግን ነገሩን አበላሸችው። እ.ኤ.አ. በ1933 ከኢየሩሳሌም በስተምዕራብ፣ ቤት ሼሜሽ ከተባለ ቦታ ተቆፍራ ወጣች። ዕድሜዋ ከክርስቶስ ልደት በፊት 13ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ፣ ጽሕፈቷ ሶርያ ውስጥ በኡጋሪት የተገኘው ዓይነት የሽብልቅ ፊደል ነው። ምሁራን ከ50 ዓመት በላይ ሲታገሏት ቆይተው በ1987 ሶቪየታዊው ሉንዲን ፈታት፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ! ቀጥሎ ግን ቀ እና ወ ይመጣል እንጂ እንደኛ ሠ፣ ረ አይልም። በማግሥቱ ዓመት ከራሷ ከኡጋሪት ሌላ ሰሌዳ ወጣ፤ ተርታው ያው። የኛ ፊደል የተገኘበት የደቡብ ዓረቢያ ጽሕፈትም በዚሁ ተርታ ይሄድ ነበር።

አባ ሰላማ አክሱም የደረሱት በ4ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ተርታው በ1,500 ዓመት ያህል ይቀድማቸዋል ማለት ነው።

«ታዲያ የኛ አይደለም?» ብሎ የሚከፋው አይጠፋም። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ ኡጋሪት ፍርስራሽ ሆና ቀርታለች፣ የኛ ሕፃን ግን ዛሬም ጮክ ብሎ ይደግመዋል። ሁ፣ ሂ፣ ሃ እያሉ አናባቢውን ከፊደሉ ጋር ማዋሐድ ደግሞ በዒዛና ዘመን አክሱም ላይ የታየ ነው፤ ሰሌዳዋ ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም።