ኃጥኡ ፍሬ ጽዮን

ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን ለማወቅ ጣሊያን መሄድ አያስፈልግም። ሸኮ ወይ ቴፒ ሆኖ ስልኩን የከፈተ ወጣት ሞና ሊዛን ከነፈገግታዋ ያውቃታል። ሰውየው የሚበር ማሽን እንደነደፈ፣ ሬሳ እየከፈተ የሰው ገላ እንዳጠና፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፍ እንደነበርም ሰምቷል። እሺ፣ ፍሬ ጽዮንስ? እዚህ ላይ አብዛኞቻችን ዝም እንላለን። ዝምታው የሚገርመው ሁለቱ የአንድ ምዕት ዓመት ሰዎች ስለሆኑ ነው። ሊዮናርዶ በ1452 እ.ኤ.አ. ሲወለድ እዚህ የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነበሩ፤ ፍሬ ጽዮን ደግሞ የእሳቸው ዘመን ሠዓሊ ነው።

ስለ እሱ የምናውቀው ከየት ነው? ጣና ሐይቅ ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ የሚባል የደሴት ገዳም አለ። እዚያ ባለ አንድ ትልቅ የእመቤታችን የገበታ ሥዕል ላይ በግእዝ የተጻፉ ጥቂት መስመሮች ይገኛሉ። ሥዕሉ የተሠራው በንጉሡ በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ አባ ይስሐቅ አበምኔት በነበሩበት ጊዜ እንደሆነ ይናገራሉ። ሠዓሊውም ራሱን «ኃጥእ» ብሎ ዝቅ ያደርግና ስሙን ያስቀምጣል፤ ፍሬ ጽዮን። በቃ፣ ይኸው ነው። የት ተወለደ፣ ማን አስተማረው፣ መቼ ሞተ የሚል ነገር የለም። ዳጋ ደግሞ ሴት የማትገባበት ገዳም ስለሆነ፣ ከእናንተ ከአንባቢዎቼ ግማሾቻችሁ ሥዕሉን ካለበት ቦታ ሄዳችሁ ማየት አትችሉም።

ያችው አንዲት ስም ግን ብዙ በር ከፈተች። የሥነ ጥበብ ታሪክ አጥኚዋ ማሪሊን ሄልድማን በ1994 እ.ኤ.አ. ስለ ፍሬ ጽዮን የማርያም ሥዕሎች አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳተመች። ፊርማ ያለውን ሥዕል ፊርማ ከሌላቸው ጋር እያስተያዩ የእሱ እጅ ወይም የተከታዮቹ እጅ ያረፈባቸውን መለየት ተቻለ። ከእነዚህ መካከል አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሚገኙ አሉ።

እሱ የፈጠረው ማሽን አይደለም። ያም ሆኖ አዲስ ነገር አምጥቷል። ከዚያ በፊት የሀገራችን ሥዕል በብዛት የሚታወቀው ከብራና መጻሕፍትና ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው። በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ግን እንጨት እየተጠረበ፣ ነጭ ልስን እየተቀባ፣ በላዩ ላይ ሥዕል መሣል ተስፋፋ። እንዲህ ያለው ሥዕል ተነሥቶ በሰው ፊት ይቆማል፤ ይሰገድለታልም። ፍሬ ጽዮን ከባሕር ማዶ የመጡ ሥዕሎችን ሳያይ እንዳልቀረ አጥኚዎች ይገምታሉ፤ የቢዛንታይንና የጣሊያን ጥላ ይታይበታል ይላሉ። ይሁን እንጂ ግራና ቀኝ ሰይፋቸውን መዝዘው ማርያምን እንደ ንግሥት አጃቢ የሚጠብቋት ሚካኤልና ገብርኤል፣ እርጋታ ያለው ፊት፣ ስስ መስመር፣ አበባ ያለው ቅርንጫፍ፣ እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ያዋሐደ የዚሁ ሀገር ዓይን ነው።

ሥዕሉ ግን ፖለቲካ አልነካውም ማለት አይደለም። ዘርዐ ያዕቆብ የማርያምን በዓላት አበዛ፤ ለሥዕሏና ለመስቀሉ መስገድን ግዴታ አደረገ። ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉት መነኮሳት «ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው» ብለው እምቢ አሉ፤ ተገረፉ፣ ተሰደዱ፣ ተገደሉ። ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ መከራቸውን ከግእዝ ወደ አማርኛ መልሶልናል፤ አንብቡት። እንግዲህ አንዱ በፍቅር የሣላት ሥዕል ለሌላው የሞት ፍርድ ምክንያት መሆን ትችል ነበር። ፍሬ ጽዮን ይህን ሁሉ ምን ብሎ እንዳየው አልጻፈም።

አሁን ነገሩን ከወዲያ ማዶ እንየው። ከዘርዐ ያዕቆብ በፊት የነገሠው ዐፄ ይስሐቅ ወደ አራጎን ንጉሥ አልፎንሶ ልኮ የእጅ ባለሙያዎች እንዲመጡለት ጠይቆ ነበር። አልፎንሶ በ1450 እ.ኤ.አ. ለዘርዐ ያዕቆብ በላከው ደብዳቤ፣ ቀደም ሲል የላካቸው 13 ባለሙያዎች መንገድ ላይ እንዳለቁ ገልጿል። ነገሥታቱ ባለሙያ ፍለጋ ባሕር ሲያሻግሩ፣ እንደ ፍሬ ጽዮን ያለ እጅ የተገኘው ጣና ላይ ነው።

በኋላ አንድ የውጭ ሠዓሊ በእርግጥ ደረሰ። ኒኮሎ ብራንካሊዮን የተባለው የቬኒስ ሰው በ15ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ገደማ መጥቶ እዚሁ አረጀ፤ መርቆሬዎስ ተብሎም ተጠራ። በ1520 እ.ኤ.አ. የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አግኝቶታል። ስለ እሱ ሲጽፍም የተከበረና ትልቅ ሰው መሆኑን ተናግሮ «ሠዓሊ ቢሆንም» የሚል ቃል ጣል አድርጓል። ያቺን «ቢሆንም» ልብ በሉልኝ። በእጁ የሚሠራ ሰው ክብር ማግኘቱ ለአልቫሬዝ ማብራሪያ የሚያሻው ነገር ነበር።

አውሮፓ ይህን «ቢሆንም» ቀስ በቀስ ሰረዘችው። ቫሳሪ በ1550 እ.ኤ.አ. የሠዓሊዎችን ሕይወት ሰብስቦ አሳተመ፤ ሊዮናርዶም ከሞተ ከ31 ዓመት በኋላ ታሪኩ በመጽሐፍ ተነበበ። የሚያስገርመው ሊዮናርዶ ሞና ሊዛ ላይ ስሙን አልጻፈም። እሱ ባይጽፍም ሌሎች ጻፉለት፤ በሺዎች የሚቆጠሩ የማስታወሻ ገጾቹንም ጠበቁለት። ፍሬ ጽዮን ስሙን ራሱ ጻፈ፤ ታሪኩን የጻፈለት ሰው ግን የለም። ስለዚህ የሁለቱ ዝና የተራራቀው በችሎታቸው ልክ ብቻ ነው ማለት ያስቸግራል። ትልቁ ልዩነት ከሞቱ በኋላ ያሉት ሰዎች ያደረጉት ነው።

የእኛ ሀገር «ቢሆንም» ደግሞ ረጅም ዕድሜ ኖረ። ብረት የሚቀጠቅጠው ቡዳ ተባለ፤ ሸክላ የምትሠራዋ፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሸማ የሚሠራው ሁሉ ተናቀ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። በአዋጅ መከልከሉ ራሱ ስድቡ የቱን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ይናገራል።

ይህ ለእኛ ለደቡብ ምዕራብ ሰዎች ሩቅ ወሬ አይደለም። ከሚዛን ተፈሪ በሸኮ አድርጎ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ቡና አለ፣ ማር አለ። ትልቁ ዛፍ ላይ የተሰቀለውን ቀፎ የሠራው ሰው አለ፤ ሙቀጫውን የፈለፈለው አለ፤ ጀበናዋን ያለ ምንም ሻጋታ፣ በጣቷ ብቻ አክብባ ያወጣችው ሴት አለች። ቡናው የማን ማሳ እንደሆነ እንጠይቃለን፤ ጀበናዋን ማን እንደሠራት ግን አንጠይቅም። ስንሸጥም «የባህል ዕቃ» ብለን እናልፋለን፤ ባህል እጅና ጣት ያለው ይመስል።

ፍሬ ጽዮን ራሱን ኃጥእ ብሎ ዝቅ ቢያደርግም ስሙን አልተወም። በዚያች ቃል ነው ከ500 ዓመት በላይ ተሻግሮ ያገኘነው። ዛሬ ሁላችንም ኪስ ውስጥ ስልክ አለ። የገበያ ቀን ጀበና ስትገዙ ሠሪዋን ስሟን ጠይቋት፣ ከማን እንደተማረችም ጠይቋት፤ ከፈቀደች ጻፉት። ሰው ሲያልፍ ገሉ ይቀራል፤ ስሙ ግን ካልተጻፈ አይቀርም።