አርበኞቻችን የት ነው የተቀበሩት?

ከቡሬ በፍኖተ ሰላም አድርጎ ደምበጫ የሚያደርሰው መንገድ የጦር ሜዳ ነበር። የካቲት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግ የነበረው የጣሊያን ጦር ደምበጫ አጠገብ ከ2ኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ገጠመ። ሻለቃው በቁጥር በጣም ይበለጥ ነበር፤ ብዙ ሰውም አለቀበት። (ፍኖተ ሰላም ቀድሞ ወጀት ነበር የምትባለው፤ የአሁኑን ስም ያወጡላት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው።)

በጎጃም ገጠር ክርስቲያን አርበኛ ሲሞት የሚቀበረው በደብሩ ነው። ፉከራው ይሰማል፣ ተዝካሩ ይወጣል፣ መቃብሩ ላይ ድንጋይ ይከመራል። ስም የተጻፈበት ሐውልት ያለው ግን ስንቱ ነው? ብዙ ጊዜ «አባባ እዚህ ጋ ናቸው» ብለው የሚያሳዩት አንዲት አያት ናቸው። እሳቸው ሲያልፉ ቦታውን የሚያውቅ አይኖርም።

በዚያው ጦርነት ከእንግሊዝ ጋር ተሰልፈው ለሞቱ ወታደሮች አዲስ አበባ ውስጥ የጦር መቃብር አለ። የሚንከባከበው እ.ኤ.አ. በ1917 የተቋቋመው የኮመንዌልዝ የጦር መቃብር ኮሚሽን ነው። መርሁ ጄኔራሉም ተራ ወታደሩም አንድ ዓይነት ድንጋይ ይኑራቸው የሚል ነው። ያም ሆኖ ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት በርካታ አፍሪካውያን ወታደሮች በስማቸው እንዳልታወሱ አምኗል።

እኛ ጋ ለዚህ ዓይነቱ መቃብር የሚቀርበው የአዲስ አበባው ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። ግቢው ውስጥ ለአርበኞች የተለየ ቦታ አለ። እዚያ ካረፉት አንዷ እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ናቸው። ጠመንጃ አልያዙም፤ ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ለኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ ያሳትሙ ነበር። ያረፉት መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ ልክ በመስቀል ዕለት ነው።

ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ጦርም ከ120 በላይ ሰው ተሰውቶበታል። እዚያ ቡሳን የተባበሩት መንግሥታት መቃብር ውስጥ አርፈው የነበሩት ሁሉ በኋላ አጽማቸው ወደ አገር ቤት መጥቷል።

ሥላሴ ግን ቤተ ክርስቲያን ነው። ከአርበኞቹ መካከል ሙስሊሞችም ነበሩ። የአገር መቃብር ከተባለ ከየትኛውም ደብር ውጪ ያለ የመንግሥት መሬት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1864 በተከፈተው የአሜሪካው አርሊንግተን ድንጋዩ ላይ የሟቹ የራሱ የሃይማኖት ምልክት ሊቀረጽ ይችላል፤ ሚስትም ከባሏ ጋር መቀበር ትችላለች።

እውነቱን ለመናገር፣ «አባቴን ከደብሩ አውጥቼ አዲስ አበባ ላሳርፍ» የሚል የጎጃም ቤተሰብ ብዙ አይመስለኝም። አሜሪካኖች ለዚህም አሠራር አላቸው፦ የቀድሞ ወታደር የትም ይቀበር የት፣ መንግሥት ስሙ የተቀረጸበትን ድንጋይ በነፃ ይልካል። በግል መቃብር ቦታ ከሆነ ቤተሰብ የሚከፍለው የማስተከያውን ብቻ ነው። ከማመልከቻው ጋር ታዲያ የአገልግሎት ማስረጃ ይጠየቃል። የእኛ አርበኛ ማስረጃ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠች የኒሻን ወረቀት ናት፤ እሷም ካለች።